ከኮምፒዩተር ወደ ካሴት፦ ምን ይቆረጥ? ማን ይቅር?

በብዙዎቻችን ቤት ከቁም ሣጥኑ በላይ ወይም ከአልጋው ሥር በካርቶን የተቀመጡ የቪዲዮ ካሴቶች አሉ። በአንዱ ጀርባ «ሠርግ»፣ በሌላው «ክርስትና»፣ በሌላው «ሙት ዓመት» ተብሎ በእስክርቢቶ ተጽፎባቸዋል። ማጫወቻው ከተበላሸ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ካሴቶቹን ለመጣል እጃችን አይታዘዝልንም። የማናየውን ነገር ይህን ያህል የምንሳሳለት፣ የሆነውን ነገር በአደራ የያዘልን ስለሚመስለን ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የሰውን ትዝታ የሚያቀናብር ሰው ለእውነት ምን ዕዳ አለበት?

አስቀድመን ሥራው እንዴት ይከናወን እንደ ነበር እናስታውስ። ኮምፒዩተር ለቪዲዮ ቅንብር መዋል በጀመረበት ዘመን ባለሙያው ቀኑን ሙሉ የቀረጸውን ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባ ነበር። የአንድ ሰዓት ዲጂታል ቀረጻ 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ስለሚይዝ ለጊዜው መሣሪያ ከባድ ሸክም ነበር። ከዚያም ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ዘፈን ያስገባል፣ ስም ይጽፋል። በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ከቪዲዮ መቅረጫው ጋር በገመድ ይገናኝና አንዱ ሲያጫውት ሌላው ይቀርጻል። በዚህ ጊዜ መቸኮል አይቻልም፤ የሁለት ሰዓት ሠርግ በካሴት ለመቅረጽ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በአገራችን ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል ያልፋልና፣ ኮምፒዩተሩ ለቅጽበት ከደከመ ምስል ይዘለላል፤ ሥራውም እንደ ገና ይጀመራል። ሲጠናቀቅ በካሴቱ ጠርዝ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ትሰበራለች፤ ይህም በስሕተት ሌላ ነገር እንዳይቀረጽበት ነው።

አሁን አንድ ምሳሌ እናስብ። በካዛንቺስ የሚኖሩ አንድ አባት ልጃቸውን ዳሩ። ካሴቱ ተቀናብሮ ሳያልቅ ግን ከገዛ ወንድማቸው ጋር በውርስ ቤት ተጣሉ። ወደ አቀናባሪው መጥተውም፣ «ልጄ፣ እርሱ ያለበትን ሁሉ አውጣልኝ» አሉት። እኒያ ወንድም ግን ሽማግሌ ሆነው የሄዱ፣ ዳሱን ያስጣሉ፣ ሙሽሮቹን የመረቁ ሰው ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ሥራው ቀላል ነው። ለአቀናባሪውስ?

አንዳንዶች «ገንዘቡን የከፈለው ይዘዝ» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ከሆነው ነገር ቅንጣት መቁረጥ ውሸት ነው ይላሉ። ሁለቱም አያጠግቡንም። ሙሉ ቀን የተቀረጸውን በ180 ደቂቃ ካሴት ማስገባት የግድ መምረጥን ይጠይቃል፤ መምረጥ ሁሉ ውሸት ከሆነ ታሪክ ሊነግር የሚችል ሰው አይኖርም። ደግሞም መጠጥ አሸንፎት የወደቀውን እንግዳ ወይም ወጡ አልበቃ ብሎ ስታለቅስ የታየችውን እናት ማውጣት የሚያስመሰግን ነው። ገመናን መሸፈን ከአባቶቻችን የወረስነው ደግነት ነውና።

ታዲያ ድንበሩ የቱ ጋ ነው? ገመናን የሚሸፍን ሰው የሚቆርጠው ለተቆረጠው ሰው ሲል ነው፤ ሰውን የሚሰርዝ ግን የሚቆርጠው በተቆረጠው ሰው ላይ ነው። የመጀመሪያው ከካሴቱ የሚያወጣው የአንድ ቅጽበት ድካምን ነው። ሁለተኛው የሚያወጣው መላ ሰውን ነው፤ የቀረውም ምስል ያልሆነውን ነገር ይናገራል። ነገ የሚወለዱት ልጆች ካሴቱን አይተው፣ «አጎታችን በሠርጉ አልነበሩም» ብለው ያምናሉ። ጠቡ በሽምግልና ቢበርድ እንኳ ካሴቱ አይታረቅም።

ስለዚህ ካሴቱ የከፋዩ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡም የሰፈሩም ነው። ካዛንቺስን እንመልከት። ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በአቅራቢያው ይገኛል፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው በዚያ ነው። የመሪዎች ጉባኤ መዝገብ ጠባቂ አለው። የጎረቤቱ ሠርግ ግን መዝገቡ አንዲት ካሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በኮሪደር ልማት ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ሄደዋል። ዳሱ የተጣለበት ግቢ ዛሬ ያለው በካሴቱ ውስጥ ብቻ ነው። ከካሴቱም የተቆረጠ ሰው ከሰፈሩ ሁለት ጊዜ ተፈናቀለ ማለት ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ካሴት ግን እያደር ይደበዝዛል፤ ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥርም ምስሉ ይደክማል። የመጨረሻው የቪኤችኤስ ማጫወቻ አምራች የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ማምረቱን አቁሟል። ዛሬ ጉዞው ተገልብጦ፣ ልጆቻችን ካሴቶቹን ወደ ኮምፒዩተር እየመለሱ ናቸው። «እገሌን አውጣው» የሚለው ፈተናም አብሮ ተመልሷል፤ ይልቁንም መሰረዝ ከቀድሞው ቀልሏል።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። አቀናባሪው «ጋሼ፣ ከፈለጉ ያሳጥሯቸው፤ ምርቃታቸውን ግን አላወጣም፤ ያልተቀናበረውንም አስቀምጥልዎታለሁ» ቢል አባትየውን አላዋረደም፤ ቂም ከሚያልፍበት ቀን ጋር አገናኛቸው እንጂ። እኛም እንዲሁ እናድርግ። የመጀመሪያውን ቀረጻ አናጥፋ፤ በላዩም ሌላ አንቅረጽበት። ስንገለብጥም ጥለነው አንሂድ፤ ካሴቱ የሚፈጀውን ሰዓት ያህል ተቀምጠን እንመልከተው። ያ ሰዓት የሥራው መዘግየት መስሎን ነበር፤ የሠራነውን ለመመርመር የተሰጠን ጊዜ ነው። የተጣላነው ሰው በምስሉ ሲያልፍ ልባችን የሚለውን የምንሰማው ያን ጊዜ ነውና።