ምጽዋት ስለ ፍሬው ይጠየቃልን?

ጌታችን ምጽዋት ለታይታ እንዳይሰጥ በተራራው ስብከቱ አስተምሯል። ከዚህ ትምህርት ተነሥተው፥ የሰጠነውን መቍጠርና ምን እንደ ሠራ መመርመር የሥጋ አሳብ ነው፤ እኛ እንስጥ፥ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል የሚሉ ምእመናን ጥቂቶች አይደሉም። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በመቍጠሩ የደረሰውንም መቅሠፍት ለዚሁ ምስክር አድርገው ይጠቅሳሉ። ነገሩ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዛሬ በጎ አድራጎት በየማኅበሩና በየድርጅቱ ስም የሚሠራ ስለ ሆነ፥ በአንድ እጅ የብዙ ሰው አደራ ይያዛልና።

እኛ ግን ዳዊት ማንን እንደ ቈጠረ አስቀድመን እንጠይቃለን። የቈጠረው ሰይፍ የሚመዘውን ጐልማሳ ነበረ፤ ይኸውም የገዛ ኃይሉን ሊያይ ነው። ስንት ኵንታል ስንዴ አደልን፥ ስንት ብርድ ልብስ አለበስን ብሎ የሰጪውን እጅ ብቻ የሚቈጥር መዝገብም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ይህንም ስንል የገንዘቡን ሒሳብ መናቃችን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላው ገቢ ከመቶ 20 እንዳይበልጥ መደንገጉ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የቀረው 80 እጅ በትክክል ወጥቶ ሳለ መበለቲቱ ሳትበላ ልታድር ትችላለች።

ሐዋርያት ያደረጉትን እንመልከት። በኢየሩሳሌም በየዕለቱ ማዕድ ሲታደል፥ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻቸው ስለ ተዘነጉ አጕረመረሙ። ሐዋርያት ይህን ያህል ሰው እየመገብን ሳለ ስለ ምን ያጕረመርማሉ ብለው አልተቈጡም፤ የታደለውንም እንጀራ ቍጥር መልስ አድርገው አላቀረቡም። ጉባኤ ጠርተው ሰባት ዲያቆናትን አስመረጡ። ከእስጢፋኖስ እስከ ኒቆላዎስ የሰባቱም ስም የግሪክ ስም መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል፤ ከተዘነጉት ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም። እንግዲህ የቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው የምግባረ ሠናይ ምርመራ የተነሣው ከመበለቶች ጕርምርምታ ነው፤ ማዕዱን የሚያገለግሉት ሰባቱ ዲያቆናትም የተሾሙት በዚያው ምክንያት ነው። በስውር ስጡ የተባለው የሰጪው ስም እንዲሰወር ነው፤ የተቀባዩ ረኀብ እንዲሰወር የታዘዘበት ቦታ የለም።

በሐረር ጀጎል ውስጥ ሐረሪዎች አፎቻ የሚሉት የመረዳጃ ማኅበር አላቸው፤ ለወንዶች ለብቻ፥ ለሴቶች ለብቻ ሆኖ በሠርግና በኀዘን ይረዳዳሉ። በክርስቲያኑም ዘንድ እድሩ እንዲሁ ነው። እነዚህ ማኅበሮች መርማሪ ከውጭ አያስመጡም፤ ዛሬ የሚረዳው ነገ ተረጂ ነውና። ድንኳኑ ቢዘገይ፥ ቀባሪው ቢጐድል፥ ኀዘንተኛው አባል በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ ይናገራል። በምጽዋት ግን ሰጪና ተቀባይ ሁለት ወገን ናቸው። የተራበ ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ዘርግቶ ሳለ ቢጠየቅ ምርቃት እንጂ ወቀሳ አይወጣውም፤ ነገም ይመጣልና። ምርቃቱን በደስታ እንቀበል፤ የሥራችን ማስረጃ ግን አናድርገው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው፥ ትናንት መልካም የነበረው ሥራ ዛሬ ሌላ መልክ ሲፈልግ ነው። በራስ መኰንን ዘመን፥ በ20ኛው ምእት ዓመት መባቻ፥ ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት በሐረር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ ለደዌው ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። ሕመምተኛውን ማስጠጋትና መመገብ ታላቅ ርኅራኄ ነበረ፤ ስንት ሰው ተጠጋ ብሎ መቍጠርም ተገቢ ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1940ዎቹ ጀምሮ ዳፕሶንን የመሰሉ መድኃኒቶች በሥራ ላይ ዋሉ፤ በ1981 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት ብዙ መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ መከረ። ሕመምተኛው በቤቱ ሆኖ መዳን ቻለ። ያን ጊዜ ሚዛኑ ተገለበጠ፤ የተጠጊው መብዛት የቸርነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ፥ ለምን አልቀነሱም የሚያሰኝ ሆነ። ሆኖም መድኃኒት የወሰዱትን ብቻ የሚቈጥርም ይሳሳታል። ከደዌው የዳነው ሰው ጣቱን፥ መሬቱንና ዘመዱን አጥቶ ይገኛልና፤ የሚሻውም ለደነዘዘው እግሩ ጫማ፥ ለእጁ ሥራ፥ አብሮት ቡና የሚጠጣ ጎረቤት ነው። ይህን ከራሱ አፍ በቀር ከየትም አናገኘውም።

በየአጥቢያችን የሰንበቴው ወይም የሰበካ ጉባኤው የዓመት ሒሳብ ሲነበብ ገቢና ወጪው ይሰማል፥ ጸሎት ተደርጎ ጉባኤው ይበተናል። ከመበተኑ በፊት አንድ ጥያቄ ቢጨመር ደግ ነው፤ አምና በደጃችን ተቀምጠው ዘንድሮ የቀሩት ወዴት ሄዱ? ራሳቸውን ችለው ይሆናል፥ ታመው ይሆናል፥ ከሰልፉም ተገፍተው ይሆናል፤ በመዝገቡ ላይ ሦስቱም አንድ መስለው ይታያሉ። ፈልጎ የሚጠይቃቸውም እንጀራውን የሚያድለው ሰው ባይሆን ይሻላል። ወዴት እንዳሉ ደግሞ ከሊቀ መንበሩ ይልቅ የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሳያውቅ አይቀርም።