ስለ ጠፋው ፍጥረት የሚከፈል ካሣ

ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን የወይን ቦታ በተመኘ ጊዜ ወዲያው አልቀማም፤ አስቀድሞ ካሣ አቀረበ። የሚበልጥ የወይን ቦታ በምትኩ ሊሰጠው፤ ይህን ባይወድም ግምቱን በብር ሊከፍለው ቃል ገባ። እኛ መምህራን ይህን ታሪክ ስናስተምር ወደ ኤልዛቤል ተንኰልና ወደ ሐሰተኞቹ ምስክሮች ፈጥነን እንሄዳለንና በመጀመሪያው ንግግር ላይ ብዙ አንቆምም። ነገር ግን የንጉሡ አቀራረብ በገበያ ሕግ ቢመረመር ነውር አይገኝበትም፤ እንዲያውም ለባለርስቱ ትርፍ ነበረው። ናቡቴ እንቢ ያለው ዋጋው ስላነሰው አይደለም። የአባቶቹ ርስት በሌላ ነገር የሚተካ ሆኖ ስላልታየው ነው።

በዘመናችን ያሉ መንግሥታት የአክዓብን የመጀመሪያ ንግግር፤ ያለ ተንኰልና በሕግ አስጊጠው፤ መልሰው ይናገሩታል። መንገድ ሲቀየስ፤ ማዕድን ሲቈፈር፤ ወንዝ ሲገደብ፤ ከተማ ሲሰፋ፤ ደንና ረግረግ ከነአራዊቱና ከነአዕዋፉ ይጠፋል። ሥራውን የሚያሠራውም ሰው ያጠፋውን ያህል፤ ወይም ከዚያ የሚበልጥ፤ በሌላ ስፍራ እንዲተካ ይታዘዛል። ይህ ሥርዓት በየአገሩ ልዩ ልዩ መልክ አለው። እኔም ከብዙው ጥቂቱን ተመልክቼ፤ ይህ በእውነት ካሣ ነውን ወይስ የማጥፋት ፈቃድ መግዣ ነው የሚለውን ጥያቄ ለአንባቢ ላቀርብ አስቤአለሁ። ስለ ውጭ አገር ስናገር ዓመታቱን የጻፍኋቸው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ስለ ካሣ የሙሴ ሕግ ግልጥ ነው። ጕድጓድ ከፍቶ ሳይከድን የተወ ሰው፤ የባልንጀራው በሬ ቢገባበት፤ ለበሬው ጌታ ይከፍላል። በሬ ሰርቆ ያረደ አምስት፤ በግ ሰርቆ ያረደ አራት ይመልሳል። ዘኬዎስም በወንጌል አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል የገባው ለበደላቸው ሰዎች ነው፤ ለሌላ መንደር ሰዎች አይደለም። እንግዲህ በካሣ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፤ በዳዩ፤ የጠፋው ገንዘብ፤ ካሣውን የሚቀበለው ተበዳይ። በደንና በረግረግ ነገር ግን ሦስተኛው አይገኝም። ረግረጉ የደረቀበት እንቍራሪት፤ በሌላ አውራጃ ለሌሎች እንቍራሪቶች ኵሬ ቢቈፈርላቸው፤ ምን ተቀበለ? የፍጥረቱ ጌታ እግዚአብሔር ነው የምንል እንደ ሆነም ተበዳዩ እርሱ ነው ማለታችን ነው፤ ታዲያ ስለ እርሱ ቆሞ ዋጋ የሚቈርጥ ማን ነው?

ከእነዚህ ሕጎች በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ የጀርመን ነው። በ1976 የወጣው የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ቅደም ተከተል አለው፤ መጀመሪያ ጕዳቱን ማስቀረት፤ ማስቀረት ባይቻል በዚያው አካባቢ መጠገን፤ ይህም ባይሆን በሌላ ቦታ መተካት፤ በመጨረሻ ገንዘብ መክፈል። ከዚያም በኋላ ከተሞችና ባለርስቶች መስክና ደን አስቀድመው እያለሙ፤ ያለሙትንም በነጥብ እየቈጠሩ እንደ ባንክ ቁጠባ የሚያስቀምጡበት መዝገብ ተፈጠረ። ፈረንሳይም በዚያው በ1976 የሚመስለውን ሕግ አወጣች።

አሜሪካኖች የጀመሩት ከረግረግ ነው። በ1972 በወጣው የውሃ ንጽሕና ሕጋቸው መሠረት ረግረግ የሚደፍን ሰው ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ ፈቃዱም ሲሰጠው ሌላ ረግረግ እንዲያለማ ይታዘዛል። በ1989 መንግሥታቸው የአገሪቱ ረግረግ በጠቅላላው እንዳይጐድል ዓላማ አደረገ። ሥራውንም ነጋዴዎች ያዙት፤ ረግረግ አልምተው ነጥቡን ለሚያጠፋው ሰው ይሸጡለታል። በ2001 ግን የአገሪቱ የምርምር ጉባኤ መርምሮ ዓላማው እንዳልተፈጸመ አስታወቀ፤ አዲሱ ረግረግ የአሮጌውን ረግረግ ሥራ አይሠራም ነበርና። በ2023 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ከወንዝና ከሐይቅ ጋራ በገጸ ምድር ውሃ ያልተያያዘ ረግረግ በዚህ በማዕከላዊው ሕግ እንደማይጠበቅ ፈረደ። ትናንት ካሣ ይጠየቅበት የነበረው ረግረግ ዛሬ በዚያ ሕግ ዘንድ ዋጋ የሌለው ሆነ፤ ውሃው ግን በቦታው ነበር።

እንግሊዞች ነገሩን ፈጽመው ወደ ቍጥር አድርሰውታል። በ2021 የወጣው በ2024ም በሥራ ላይ የዋለው ሕግ፤ ጥቂት የተለዩ ሥራዎች ሲቀሩ፤ ቤት ወይም ፋብሪካ የሚሠራ ሰው በቦታው ያገኘውን ተፈጥሮ ከነበረበት በመቶ 10 አብልጦ እንዲመልስ፤ ያለማውንም 30 ዓመት እንዲጠብቅ ያዝዛል። የቦታው ስፋት፤ የዓይነቱ ብርቅነት፤ ያለበት ሁኔታና የስፍራው ተፈላጊነት እየተባዛ ነጥብ ይወጣዋል። እኛ በቅኔ ቤት ቅኔ ማዘጋጀትን ቈጠራ እንላለን፤ ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ፤ በደብሩ ደን ውስጥ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቃልን ከቃል እያዛመደ ይቈጥራል። ልኩ ሞልቶ ቤቱን የመታ፤ ምሥጢር ግን የሌለው ቅኔ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ መምህሩ መልሶ ወደ ዛፉ ይሰደዋል። የእንግሊዞቹም ቈጠራ እንዲህ ያለ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከሕጋቸው አንድ ክፍል አስደነቀኝ። የማይተኩ ፍጥረታት አሉ ብሎ ለይቶ ጽፎአል፤ ከእነዚህም አንዱ ከ1600 ጀምሮ ሳይቋረጥ የኖረ ጥንታዊ ደን ነው። የ30 ዓመት ጥበቃ ይህን ደን ሊመልስ እንደማይችል ስላወቁ ከመቶ 10 ሒሳብ አወጡት። ይህ ማለት ፈጽሞ አይቈረጥም ማለት አይደለም፤ ቢቈረጥ ግን ተከፈለ አይባልም። ይህ ሕግ ሐቀኛ መስሎ የታየኝ በቈጠረው ሳይሆን አልቈጥረውም ባለው ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኮሎምቢያ በ2012 ባወጣችው መመሪያ ስለ አንድ ሄክታር ከ4 እስከ 10 ሄክታር ጠየቀች፤ ይህስ የበሬውንና የበጉን ሕግ ይመስላል። በአውስትራልያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛት በ2016 ባወጣው ሕግ አሠሪው ለአንድ መዝገብ ገንዘብ ከፍሎ ግዴታውን ለመንግሥት እንዲያስተላልፍ ፈቀደ፤ በ2022 የግዛቱ ዋና ኦዲተር ሲመረምር ግን የሚፈለገው ነጥብ ከገበያ የሚገኘውን እጅግ አልፎ ተገኘ። ገንዘቡ አለ፤ የሚገዛው ፍጥረት የለም።

እስካሁን ያልሁት ስለ ልኬቱ ነው። እኔን አብልጦ ያስጨነቀኝ ግን ካሣውን በእውነት የሚከፍለው ማን ነው የሚለው ነው፤ ስለዚህም ወደ ማዳጋስካር ልሂድ። በዚያች ደሴት ምሥራቅ አምባቶቪ በሚባል ስፍራ ኒኬልና ኮባልት የሚወጣበት ታላቅ የማዕድን ቍፋሮ አለ። ስለ እርሱ 2,000 ሄክታር የሚያህል ደን ተመነጠረ፤ እንድሪ የሚባለው ጦጣ መሰል ፍጥረት የሚኖርበት ዓይነት ደን ነው። ኩባንያው ካሣ ያደረገው ግን በአብዛኛው አዲስ ደን በመትከል አይደለም። ገበሬዎች እየመነጠሩ ሩዝ የሚዘሩባቸው ሌሎች ደኖች፤ ከእነርሱም አንኬራና የተባለው፤ እንዳይመነጠሩ አስጠበቀ፤ ባይጠበቁ ኖሮ ይጠፉ ነበር የተባለውንም ቈጥሮ ስለ ጠፋው ደን ምትክ አደረገው። በ2022 የታተመ ጥናት ሒሳቡን መርምሮ በደኑ ስፋት በኩል ኩባንያው ያለውን ለመፈጸም በመንገድ ላይ እንዳለ አገኘው። ስለዚህ ሐሰት ነው አልልም፤ ቍጥሩ ቍጥር ነው።

ነገር ግን ይህ ካሣ የተሠራው ሌላ ሰው ሊያደርገው ነበር ተብሎ በተገመተ ጥፋት ላይ ነው። ጎረቤቴ ነገ ሊሰርቅ ነበር፤ እኔም ከለከልሁት፤ ስለዚህ የትናንት ስርቆቴ ተካካሰልኝ እንደ ማለት ነው። ጎረቤቱም ሌባ አይደለም፤ ልጆቹን የሚመግብበት እርሻ የሚፈልግ ድኻ ነው። ተመራማሪዎች ወደ መንደሮቹ ገብተው ሲጠይቁ፤ ደኑ የተከለከለባቸው ሰዎች የመጣላቸው ርዳታ ያጡትን እንዳልመለሰላቸው የተናገሩ ብዙዎች ናቸው። የኒኬሉ ዋጋ ለሌላ፤ ጾሙ ለእነርሱ ሆነ። ካሣ የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ታላቅ ምሥጢር ያለበት ነው፤ ስለ አዳም በደል በደል የሌለበት እርሱ ከፍሎአልና። እርሱ ግን የከፈለው በፈቃዱ ነው። በማዳጋስካር ንጹሑ ሰው ሳይጠየቅ ከፈለ።

ሁለተኛው ምሳሌ፤ በካርቱም ከዓባያችን ጋራ በሚገናኘው በነጭ ዓባይ ምንጭ አጠገብ ነው። ኡጋንዳ በጂንጃ አጠገብ የቡጃጋሊን ግድብ ሠራች፤ 250 ሜጋዋት የሚያመነጨው ይህ ግድብ በ2012 ተመረቀ፤ የቡጃጋሊ ፏፏቴም በውሃ ተዋጠ። የባሶጋ ሕዝብ በዚያ ፏፏቴ መንፈስ ያድራል ብሎ ያምናልና መንፈሱን ወደ ሌላ ስፍራ ስለ ማዛወር እንኳ ድርድርና ሥነ ሥርዓት ሆነ። እምነታቸውን የምቀበል አይደለሁም። ሆኖም አንድ መሐንዲስ መጥቶ ታቦታችን ከመንበሩ የሚነሣበትን ዋጋ ቢጠይቀን ምን እንደምንመልስለት ባሰብሁ ጊዜ በባሶጋ ሰዎች መሳቅ አልተቻለኝም። ከዓለም ባንክ ጋራ በ2007 በተደረገው ስምምነት መንግሥቱ ከታች ያለውን የካላጋላን ፏፏቴ ሊጠብቅ፤ በእርሱም ላይ የኤሌክትሪክ ግድብ ላይሠራ ቃል ገባ። ስለ ሰመጠው ፏፏቴ ያልሰመጠው ፏፏቴ ካሣ ሆነ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ከካላጋላ በታች ኢሲምባ የሚባል ሌላ ግድብ ተሠራ፤ በ2019 ተመረቀ፤ የተጠራቀመውም ውሃ ለካሣ ከተለየው ምድር ከፊሉን አጥለቀለቀው። ስለ ካሣው ሌላ ካሣ ተጻፈ። ባለዕዳው መያዣ አድርጎ ያስያዘውን በሬ ራሱ አርዶ እንደ በላው ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ ያነበብሁበት መብራት ከግድብ የመጣ ነውና ግድብ ሁሉ ይቅር ለማለት ድፍረት የለኝም። ካሣው ቢቀር ጕዳቱ አብሮ አይቀርም፤ ያለ ምትክ ይፈጸማል እንጂ። ጥያቄው ካሣው በየትኛው ጊዜና በየትኛው ልብ ይመጣል የሚል ይመስለኛል። ኃጢአቱን ለተናዘዘ ሰው የንስሐ አባቱ ቀኖና ይሰጠዋል። ነገ ልበድል አስቤአለሁና ቀኖናዬን ዛሬ ልፈጽም ብሎ የሚመጣን ሰው ግን የሚቀበል አባት የለም። የጀርመኖቹ የነጥብ ቁጠባ በዚህ ዓይን ቢታይ ይህን ሰው ይመስላል። እዚህ ላይ ግን ከራሴ ጋራ ተጣላሁ፤ በምድር ነገር አስቀድሞ የበቀለ ምትክ ነገ እተክላለሁ ከሚል ቃል እጅግ ይሻላልና። ለነፍስ የሚከፋው ለምድር የሚበጅ ሆነብኝ። ብዙ ቀን አውጥቼ አውርጄ የደረስሁበት ይህ ነው፤ ምትኩ አስቀድሞ መዘጋጀቱ መልካም ነው፤ የጥፋቱ ምክንያት ግን የምትኩ መዘጋጀት ሊሆን አይገባም። ሥራው ከዚያ ስፍራ በቀር በሌላ ሊሠራ እንደማይችል በቅድሚያ መመርመር አለበት። ማስቀረት የሚለው ቃል በብዙ አገር ሕግ መጀመሪያ ላይ ተጽፎአል፤ ሰው ፈጥኖ የሚዘለውም እርሱን ነው። የመክፈያው መንገድ ከተጠረገ እንቢ ለማለት ማን ይደክማል?

በእኛም አገር በ1995 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያመጣው ጕዳት እንዲመረመር ያዝዛል። ነገር ግን ስለ መንግሥታትና ስለ ኩባንያዎች ብቻ ብናገር ግብዝ እሆናለሁ። በደቡብ ጎንደር ብቻ ከሺህ የሚበልጡ አብያተ ክርስቲያናት በዙሪያቸው ደን አላቸው፤ ዙሪያው ምድር ከተራቈተ በኋላ የአገሩ ወይራና ጽድ፤ ዝግባም ተሸሽገው የቀሩት በእነርሱ ቅጥር ነው። ጠባቂዎቹ እኛ ነን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ አባል በሆንሁበት ሰበካ ጉባኤ ለአዳራሽ የሚሆን ቦታ ተፈለገ። ከቅጥሩ ውጭ ባዶ መሬት ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ ይጠይቅ ነበርና፤ በምዕራብ በኩል ያሉት ወይራዎችና ጽዶች ተቈርጠው ስለ አንዱ ዛፍ አሥር ችግኝ እንዲተከል ተወሰነ። እጃቸውን ካነሡት አንዱ እኔ ነበርሁ። ችግኞቹ በእርግጥ ተተከሉ፤ ቶሎ ስለሚደርስ የበዛው ባሕር ዛፍ ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ቍጥር ትክክል ነው፤ በማንም መርማሪ ፊት ይቀርባል። በወይራዎቹ ላይ ያድሩ የነበሩት ዋኖሶች ወዴት እንደ ሄዱ አላውቅም። የቅኔ ተማሪዎቹም ስፍራቸውን ለውጠዋል፤ አሁን የሚቈጥሩት በአዳራሹ ግድግዳ ጥላ ሥር ተደርድረው ነው፤ ቀትር ሲሆን ጥላው ስለሚዞር እነርሱም አጐዛቸውን አንሥተው ወደ ሌላው ግድግዳ ይዞራሉ።