ያልተጠየቀ ምስክር

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ መንትያ እኅትና ወንድም ነበሩ። ሁለቱም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናቸው፤ ኮሌጅ ቦርድ የሚፈትነውን የኤፒ እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ይማራሉ። አብሯቸው የሚኖሩት አያታቸው አገር ቤት ሳሉ ዳኛ ነበሩ።

መምህርቷ ሜሪ ሼሊ በ1818 ያሳተመችውን “ፍራንከንስታይን” አስነብባ አንድ ጥያቄ ሰጠች፦ ቪክቶር የሠራው ፍጡር ክፉ ሆኖ ተፈጠረ ወይስ በኋላ ከፋ? የምታርመው በፈተናው መለኪያ ነው። በዚያ መለኪያ ድርሰት ከ6 ይታረማል፤ ለአቋም 1፣ ለማስረጃና ለማብራሪያ 4፣ ለአስተሳሰብ ጥልቀት 1።

ወንድምየው “ክፉ ሆኖ ተፈጠረ” ብሎ ተነሣ። ፍጡሩ ጋኔን፣ ሰይጣን የተባለበትን ቦታ ሁሉ ለቅሞ ሦስት ገጽ ሞላ። እኅትየው አቋም ሳትይዝ ተለዋጭ ዘይቤውን፣ ተምሳሌቱንና ምጸቱን ከየምዕራፉ እያወጣች ስማቸውን ዘረዘረች። ወረቀቱ ሲመለስ እሱ 2፣ እሷ 1 አገኙ።

ማታ ልጁ ለአያቱ አቤት አለ። “አባባ፣ ይሄን ሁሉ ጥቅስ ደርድሬ ‘ምን እንደሚያስረዳ አልነገርከኝም’ ትለኛለች!”

“እስቲ መዝገቡን አቅርብ” አሉት። “ሰይጣን ነው ያለው ማነው?”

“ቪክቶር።”

“እሱ ደግሞ ማነው?”

“የሠራው ሰውዬ ነዋ።”

“ሠርቶ ምን አደረገው?”

“መልኩን ሲያይ ደንግጦ ሸሸ። ጥሎት ሄደ።”

“እንግዲያ በነገሩ አለበት! መከሰስ የሚገባውን ሰው ምስክር አድርገህ ቆጠርክ። ፍጡሩ ራሱስ ቃሉን አልሰጠም?”

“ሰጥቷል። ግን የሱን ቃል የሚነግረን ቪክቶር ነው። ቪክቶር ያወራውን ደግሞ ወደ ሰሜን ዋልታ የሚጓዝ ዋልተን የሚባል ሰው ለእኅቱ በደብዳቤ ይጽፈዋል።”

አዛውንቱ ሳቁ። “የስሚ ስሚ! እንዲህ ያለ ቃል ሲመጣ፣ ያመጣው ሰው ምን እንደሚጠቀምበት መጠየቅ ነው።”

ይህን ጊዜ እኅትየው ጣልቃ ገባች። “አባባ፣ መጽሐፉ ውስጥም እኮ ችሎት አለ። ዊልያም የሚባል ሕፃን ተገደለና ይዞት የነበረው የእናቱ ሥዕል ጀስቲን የምትባል ልጅ ኪስ ውስጥ ተገኘ። የከተተው ገዳዩ ፍጡር ነው። እሷ ግን እንዴት እንደገባ ማስረዳት ስላልቻለች ሞት ተፈረደባት።”

አያታቸው ፊታቸው ተለወጠ። “ሥዕሉ የመሰከረው ኪስ ውስጥ መገኘቱን ብቻ ነው። ማን እንዳስገባው አልተናገረም። ዳኞቹ ያልተባለውን ጨምረው ሰሙ።” ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። “ጥቅስህም እንደዚያ ሥዕል ነው፤ ቃሉ መጽሐፉ ውስጥ መኖሩን እንጂ ምን ማለት እንደሆነ ብቻውን አይነግርህም። አንቺም ልጄ፣ ምስክሩን ስሙን ብቻ ጠይቀሽ አሰናበትሽው። ምጸቱ ምን ሊያሳየን መጣ? እሱን አልጠየቅሽም።”

“ይህን ሁሉ ከጠየቅሁማ አቋሜ ሊፈርስ ነው” አለ ልጁ።

“ይፍረስ! ምስክር የሚሰማው ፍርድ ለመስጠት እንጂ አስቀድሞ የተሰጠ ፍርድ ለማስዋብ አይደለም።”

ሁለቱም እንደገና ጻፉ። እኅትየው ከዘረዘረቻቸው መካከል አንድ ምጸት ብቻ አስቀረች። ፍጡሩ በጎጆ ግድግዳ ቀዳዳ እያየና እያዳመጠ ቋንቋ የተማረባቸው ቤተሰቦች አሉ። ዓይነ ስውሩ አባት ደ ላሲ ብቻውን ሳለ ገብቶ ሲያነጋግረው ሽማግሌው በደግነት ያስተናግደዋል፤ ልጁ ፊሊክስ ሲደርስ ግን በዱላ ይደበድበዋል። በታሪኩ ውስጥ ፍጡሩን በንግግሩ የመዘነው ማየት የማይችለው ሰው መሆኑን አሳየች፤ ስለዚህም “ክፉ” የሚለው ስም ከሥራው በፊት በመልኩ እንደወጣለት አስረዳች።

ወንድምየው የበለጠ ተቸገረ። ቪክቶርን ሲጠይቅ የፍጡሩ ጥፋት ከመገፋቱ በኋላ መምጣቱን አየ፤ አቋሙም ፈረሰ። ወደ ተቃራኒው ሊሮጥ ሲል ግን ሕፃኑ ዊልያም መንገዱን ዘጋበት። ፍጡሩን ጥሎ የሄደው ያ ልጅ አልነበረም፤ የተገደለው የቪክቶር ዘመድ ሆኖ በመገኘቱ ነው። ስለዚህ “ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም፤ መገፋቱ ለክፋቱ ምክንያት ቢሆንም ግድያውን የመረጠው ራሱ ነው” ብሎ ጻፈ። ሦስቱ ገጽ አንድ ተኩል ሆነ፤ 2 የነበረው ውጤትም ወደ 5 ወጣ።

የዚህ ምሳሌ ትርጉም ይህ ነው፦ ጥቅስ መደርደርና የዘይቤን ስም ማወቅ ምስክር መጥራት ነው፤ ትንታኔ የሚጀምረው ጥያቄው ሲጀመር ነው። ማን ተናገረው? ለማን? ያልተናገረውስ ምንድን ነው? ከሁሉ የሚከብደው ግን በራስ አቋም ላይ የሚመሰክረውን መስመር መጥራት ነው። እሱን የደበቀ ተማሪ ምናልባት አራሚን ያሳምን ይሆናል፤ መጽሐፉ ውስጥ ያገኘው ግን ይዞት የገባውን ሐሳብ ብቻ ነው።