ባዶ መንገድና ቀይ መብራት

ቀይ መብራት በርቶ ሳለ መንገዱ ባዶ ቢሆን፥ ብስክሌተኛ መቆም ይገባዋልን? ውድ አንባቢያን፥ ይህ የልጆች ጥያቄ አይምሰላችሁ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በቦሌ መንገድ ዳር የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ በእኛም በወሎ ሰፈር በኩል ወጣቶች ሲነዱበት ይታያል። መስመሩ ግን መስቀለኛው ላይ ሲደርስ ከመኪናውም ከእግረኛውም ጋር ይገናኛል፤ ጭቅጭቁም የሚነሣው እዚያ ነው።

አንቆምም የሚሉት ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። ብስክሌት ሞተር የለውም፤ በቆመ ቁጥር ያ ሁሉ ፍጥነት ይጠፋል፤ እንደ ገና ለመነሣት የሚከፈለው የገዛ ጉልበት ነው። ደግሞም ሰውና ብስክሌት ተደምረው 80 ኪሎ ቢመዝኑና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢጓዙ፥ 1200 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲበር ይዞት የሚመጣው ኃይል የእነርሱን ከ90 እጥፍ በላይ ይሆናል። ታዲያ ሁለቱን በአንድ ሕግ ማሰር ፍትሕ ነውን? ይላሉ። በአሜሪካ የአይዳሆ ክፍለ ግዛት ይህን የመሰለውን ሐሳብ ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1982 ሕጉን ለወጠ፤ ብስክሌተኛው የ«ቁም» ምልክት ሲያገኝ ፍጥነቱን ቀንሶ፥ ቅድሚያ ለሚገባው ቅድሚያ ሰጥቶ፥ ሳይቆም እንዲያልፍ ፈቀደለት።

ይሁን እንጂ በአይዳሆ የተለወጠው ሕጉ ነው፤ ለውጡም ባለመኪናውም እግረኛውም ሊያውቁት የሚችሉት በአደባባይ የታወጀ ነገር ነው። እዚህ ቀዩን ጥሶ የሚያልፈው ልጅ ግን ለራሱ የደነገገውን ሕግ ከእርሱ በቀር የሚያውቀው የለም። ዜብራውን የሚሻገሩ አንዲት እናት እግራቸውን ያነሡት መብራቱን አምነው ነው። ዓይነ ስውሩም የመኪኖቹን መቆም በጆሮው ለይቶ ይሻገራል፤ ብስክሌት ግን ድምፅ የለውም። ነጂው «አይቻቸዋለሁ፥ አልነካቸውም» ይል ይሆናል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። እርሳቸው ግን ማየቱን በምን ያውቃሉ? መብራቱ የሰጣቸው መብት የማያውቁትን ሰው ልብ ሳይመረምሩ መሻገር ነበር፤ ያንን ነው የወሰደባቸው፥ ባይነካቸውም እንኳ።

«ባለመኪናውስ መች ይቆማል?» የሚለውን መልስ አልፈዋለሁ፤ የሌላው ጥፋት ለእኛ ፈቃድ ሆኖ አያውቅም።

መንገዱ በእርግጥ ባዶ ሲሆንስ? እዚህ ላይ እኔም ለመፍረድ አልቸኩልም፤ የተጎዳ ሰው የለምና። ብቻ «ባዶ ነው» ብሎ የሚፈርደውና ባዶ በመሆኑ የሚጠቀመው ያው አንድ ሰው፥ ያውም የቸኮለ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ በሌላ ጉዳይ ቢሾምብን እንቀበለው ነበርን?

ሕጉ ይሻሻል ብሎ በግልጽ መጠየቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳደረገችው፥ ምልክት በተሰቀለባቸው አንዳንድ መብራቶች ላይ ብስክሌተኛ ለእግረኛ ቅድሚያ እየሰጠ ወደ ቀኝ ይታጠፍ ቢባል፥ እኔ እጄን አወጣለሁ። በትምህርት ቤትና በገበያ ደጅ ባለ ዜብራ ላይ ግን አልስማማም።