ለጊዜው ይሆናል

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ተሸክሞ ቡራዩ ያለው ቤቴ ድረስ መጣ። መሪ የላት፣ ፍሬን የላት፤ አንድ ጎማ፣ ሁለት ፔዳልና አንድ ኮርቻ፣ በቃ። ‹‹ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት። ለቅዳሜ ካልደረሰች ጉድ መሆኔ ነው›› አለኝ።

ልጁ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር ሰርከስ ይሠራል። ሰርከስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ ከተጀመረ ወዲህ ይሄ ጥበብ በየከተማው የሚወዱት ልጆች አጥቶ አያውቅም። የእነሱ ቡድን ድንኳን የለው፣ አዳራሽ የለው፤ የሚለማመዱት ሜዳ ላይ ነው። ቅዳሜ ግን ሱሉልታ፣ በአንድ ትምህርት ቤት በዓል ላይ ትርዒት አላቸው፤ ክፍያም አለው። የልጁ ድርሻ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ትከሻው ላይ አስቀምጦ በዚያች ብስክሌት ሜዳውን መዞር ነው። ብስክሌቷ ታዲያ ከደረጃ ላይ ተንከባልላ ቸርኬዋ ተጣሟል፤ ሁለት ሽቦዎችም ተበጥሰዋል።

መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ። ገልብጬ ጎማውን አሽከረከርኩና ጠመኔ ወደ ቸርኬው አስጠጋሁ። ጠመኔው የነካው ቦታ የተጣመመው ነው። የዚህ ዓይነት ጎማ ምሥጢሩ ሽቦው ላይ ነው። ሽቦዎቹ ቸርኬውን እንደ ምሰሶ ደግፈው የያዙት ይመስለናል፤ እነሱ ግን ወደ መሐል እየሳቡ ነው የሚይዙት። ጆርጅ ኬይሊ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1808 ለበረራ መሣሪያው ቀላል ጎማ ሲፈልግ ያሰበው ነገር ነው። እኩሌታው ከቀኝ፣ እኩሌታው ከግራ ይስባል። ቸርኬው ወደ ቀኝ ካዘነበለ የግራውን ማጥበቅ፣ የቀኙን ማላላት ነው፤ ያውም ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያሉ። የቸኮለ ሰው አንዱን አቃናሁ ሲል ሌላውን ያጣምማል። አንድ ሽቦ ሲበጠስ ደግሞ ሸክሙ ለጎረቤቶቹ ይተርፋል።

ምናለሽ ተራ ድረስ ወርጄ ልኩ የሆነ ሽቦ አጣሁ። ረዘም ያለ ገዝቼ ጫፉን በፒንሳ አጥፌ አስገባሁት። ከሦስት ሰዓት ትግል በኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ዞረ። ላየው ሰው አዲስ ነው። እኔ ግን ሁለት ነገር አውቃለሁ፤ የገቡት ሽቦዎች የራሱ አይደሉም፣ ከአንዱ የሽቦ ቀዳዳ ሥር ደግሞ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች።

እንግዲህ ዓርብ ማታ ልጁ ሲመጣ ምን ልበለው?

አፌ ላይ የመጣችው ያቺ ሁላችንም የምናውቃት አነጋገር ናት፤ ‹‹ለጊዜው ይሆናል››። የተላጠውን የመብራት ሽቦ በፌስታል የጠቀለለውም፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ በከመነዳሪ ቁራጭ ያሰረውም እሷኑ ብሎን ይሄዳል። በነገራችን ላይ አነጋገሩ ራሱ ውሸት የለበትም። አንደኛው ቃል ‹‹ቀን አለው›› ይላል፣ ሁለተኛው ‹‹ይሠራል›› ይላል። እኛ ግን ዕቃውን ተቀብለን ደጃፉን ስንሻገር ‹‹ለጊዜው››ን እዚያው እንተዋትና ‹‹ይሆናል››ን ብቻ ይዘን እንሄዳለን። አማርኛችን ደግሞ ብልህ ነው፤ ‹‹ይሆናል›› ማለት ‹‹ያገለግላል›› ብቻ አይደለም፣ ‹‹ምናልባት›› ማለትም ነው።

ልጅ ሆኜ ሰበታ ላይ የፈረስ ጋሪ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እኚህ ሰው ‹‹ተሠርቷል›› አይሉም። ‹‹ይኼ አሁን ሦስት ኩንታል ይችላል፤ አምስት ከጫንክበት ግን እኔ የለሁበትም›› ነው የሚሉት። ባለጋሪው እያጉረመረመ ይከፍላል፤ ገበያ የሚያስገኘው አምስቱ ነዋ! ያኔ ሰውየው ሥራቸውን የማይተማመኑበት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ለባለጋሪው ሁለት ነገር ነበር የሚመልሱለት፤ ጋሪውንና የጋሪውን ልክ።

እዚህ ላይ ‹‹አንተ ደግሞ አታካብድ፤ ያለ ጥገና ማን ይኖራል?›› የሚለኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። አዲስ ካልሆነ አልነካም የሚል ሰው ወይ ሀብታም ነው፣ ወይ ቤቱ ተቀምጦ የሚቀር ነው። ነውሩ መጠገኑ ላይ አይደለም፤ ጥገናውን መደበቁ ላይ ነው። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። ባለ አንድ ጎማ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ከተጠራጠረ ይወድቃል። ታዲያ ስንጥቋን ብነግረው የምጥለው እኔው ራሴ አልሆንም?

ቆይቼ ሳስበው ግን ይሄ ተቃውሞ ለእኔ በጣም የተመቸ ነው። ኮርቻው ላይ የምቀመጠው እኔ አይደለሁማ! የሌላውን ሰው አደጋ ‹‹እንዳይፈራ ብዬ ነው›› ብሎ መደበቅ፣ ሳያስፈቅዱ በሰው አጥንት እንደመወራረድ ነው።

መናገሩስ ይበቃል? እሱም አይበቃም። ‹‹ነግሬሃለሁ›› ብሎ እጅ መታጠብ እንዳለም እናውቃለን። ልጁ ገንዘቡን ይፈልገዋል፣ ጓደኞቹን ማሳፈር አይፈልግም፤ ብነግረውም መንዳቱ አይቀርም። እሺ፣ እሱ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ሰምቶ፣ መዝኖ፣ ከወደቀም በገዛ ምርጫው ይወድቃል። ትከሻው ላይ የምትቀመጠው ሕፃንስ? እሷ ስለ ስንጥቅ ምን ታውቃለች? የምታውቀው እሱን ማመን ብቻ ነው። ለሚመዝን ሰው እውነቱን መንገር ይበቃ ይሆናል። መመዘን ለማይችል ግን መከልከል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዓርብ ማታ ስንጥቋን በባትሪ አሳየሁት። ‹‹አንተን ብቻ፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ ትችልሃለች። መዝለል የለም። ልጅቷን ግን አትጭንም፤ እሺ ካላልከኝ ጎማውን አልሰጥህም›› አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ‹‹ታዲያ ይሄ ተሠራ ይባላል ጋሼ?›› አለኝ።

‹‹አይባልም›› አልኩት።

ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሰበታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ መንገዱ ያው አዲስ አበባን አቋርጦ ነውና ቅዳሜ በማለዳ ተነስቼ አብሬው ሄድኩ። ብቻውን ነዳ። ትንሿ ልጅ እጁን ይዛ አጠገቡ ሮጠች። ጭብጨባው እንደታሰበው አልደመቀም፤ ክፍያውም ላይ ትንሽ ተቀነሰባቸው። ጎማው አልተሰበረም።

ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ‹‹አየህ ጋሼ፣ ምንም አልሆነም እኮ! ልጅቷንም ይችል ነበር›› አለኝ። ይችል ይሆናል። አለመሰበሩ የእኔን ፍርሃት ከንቱ አያደርገውም፤ ቢሰበርም ኖሮ ነቢይ አያደርገኝም ነበር። ዓርብ ማታ የማውቀው ስንጥቋን ነው፤ የነገርኩትም እሷኑ ነው። ከተቀነሰው ገንዘብ ግማሹን ከኪሴ ሰጠሁት። በቀረው እስካሁን አኩርፎኛል፤ ሌላ ቸርኬ እስክናገኝ ድረስም ብስክሌቷ እኔው ቤት ናት።