ልስን የሸፈነው ሥራ

ማንኛውም የእጅ ሥራ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ለዓይን የሚታይ፣ ሁለተኛው ከዓይን የተሰወረ ነው። የሠሪው ግብረ ገብነት የሚመዘነው ግን በሚታየው ሳይሆን በተሰወረው ነው። እኔ በምኖርበት በቁስቋም፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ ገበያ ጥቂት የወረደ ሰው የሸማኔዎችን ሥራ በየሱቁ ተሰቅሎ ያገኛል። ገዢዋ ነጠላውን አንሥታ ወደ ብርሃን ትዘረጋዋለች፤ ድሩ የሳሳ እንደ ሆነ ታየዋለች፤ ጥለቱ የተጣመመ እንደ ሆነ ትመልሰዋለች። ስለዚህ ሸማኔው ቢፈልግ እንኳ ብዙ ጉድለት ሊደብቅ አይችልም።

ከዚያው ገበያ ፊቱን ወደ ላይ መልሶ በተራራው ጎን የሚሠሩትን ሕንፃዎች የሚመለከት ሰው ግን ሌላ ነገር ያስተውላል። ቤትን አንሥቶ ወደ ብርሃን የሚዘረጋ የለም። መሠረቱ በአፈር፣ ብረቱ በአርማታ፣ ግንቡ በልስን፣ ልስኑም በቀለም ይሸፈናል። ባለቤቱ ቁልፉን ሲረከብ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ከቀለሙ በታች ያለውን የሚያውቁት እግዚአብሔርና ሠሪው ናቸው። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፦ ማንም በማያየው ሥራ ላይ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ግዴታው ለማን ነው?

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። ተቋራጭ የሚለው ቃል ከመቁረጥ የመጣ ነው፤ ዋጋ ቆርጦ፣ ቀን ቆርጦ ሥራ የሚይዝ ሰው ማለት ነው። ቁርጥ ቃል የምንለውም ከዚያው ግንድ የወጣ ነውና፣ ተቋራጭ ከሁሉ በፊት ቃል የሰጠ ሰው ነው። ጠቅላላ ተቋራጭ ሲሆን ደግሞ ሸክሙ ይከብዳል። ቆፋሪውን፣ ግንበኛውን፣ አናጢውን፣ ፌሮ ሠራተኛውን፣ የመብራትና የቧንቧ ባለሙያውን የሚሰበስብ፣ ዕቃውን የሚገዛ፣ ሥራውን በየተራው የሚያስኬድ እርሱ ነው። ከሥራው ከፊሉን ለሌላ ሰው ቢያስተላልፍ ሥራውን አስተላለፈ እንጂ ኃላፊነቱን አላስተላለፈም። ግድግዳ ሲሰነጠቅ «ጥፋቱ የፎርማኑ ነው፤ እኔ በዚያን ቀን አልነበርኩም» የሚል ተቋራጭ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ሒሳብ ሲቀበል ግን «ትርፉ የፎርማኑ ነው» ሲል የሰማው የለም።

ግዴታው ለአራት ወገን ነው ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው ወገን ባለቤቱ ነው። ብዙ ሰው ቤት የሚሠራው በዕድሜው አንድ ጊዜ ነው፤ የዕቁቡን፣ የብድሩን፣ በሰው አገር የሚደክሙ ልጆቹ የላኩለትን ገንዘብ አሰባስቦ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የዕድሜውን ድካም ለተቋራጩ አደራ ይሰጣል። ስለዚህ ወጪውን አስቀድሞ በትክክል ማስላት፣ ያልመጣ አሸዋ መጣ ብሎ አለመጻፍ፣ የተቆረጠውን ቀን ማክበር፣ የማይቻል ቢሆን በጊዜው መናገር ይገባል።

ሁለተኛው ወገን ሠራተኛው ነው። አርማታ በባሬላ ተሸክመው ፎቅ የሚወጡት ወንዶችና ሴቶች ከገጠር በቅርብ የመጡ፣ ስማቸውን እንኳ የሚጠይቃቸው ያላገኙ ይሆናሉ። የሚቆሙበት መወጣጫ የጸና፣ የሚቆፍሩት ጉድጓድ ጎኑ የተደገፈ፣ ራሳቸው ላይ ቆብ የተደረገ መሆኑን ማረጋገጥ ቸርነት አይደለም፤ ዕዳ ነው። ደመወዛቸውንም በቀኑ መክፈል እንዲሁ ዕዳ ነው።

ሦስተኛው ወገን ጎረቤት ነው። ይህ በእኛ ሰፈር ጎልቶ ይታያል። ቁስቋም ዳገት ነው፤ የላይኛው ሰው ያበላሸውን የታችኛው ይቀበላል። የእንጦጦ ውሃ በሐምሌና በነሐሴ ሲወርድ፣ በፍርስራሽ የተደፈነ ቦይ ባገኘ ጊዜ መንገዱን ወደ ሰው ቤት ያደርጋል። ከኛ በላይ አንድ ሰው የመሠረት ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ የድጋፍ ግንብ ሳይሠራ ክረምት ስለ ገባበት የታችኛዋ ጎረቤት አጥር ከነማድቤቷ ሲናድ አይቻለሁ። እርሷ ከተቋራጩ ጋር ምንም ውል አልነበራትም፤ ሆኖም ያጎደለውን የከፈለችው እርሷ ሆነች።

አራተኛው ወገን ገና ያልታወቀው ሰው ነው። ቤት ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ይወረሳል። ከ20 ዓመት በኋላ በዚያ ጣራ ሥር የሚተኛው ሕፃን ዛሬ አልተወለደም፤ ሊከራከር፣ ሊፈራረም፣ ሊቆጣጠር አይችልም። የቁስቋም ስም ራሱ ይህን ያሳስበኛል፤ ቁስቋም እመቤታችን ከልጇ ጋር በስደት የተጠለለችበት በግብፅ ያለ ስፍራ ስም ነውና። ቤት ማለት መጠለያ ነው፤ የተጠለለ ሰው ደግሞ ጣራውን ሳይመረምር አምኖ የሚተኛ ሰው ነው።

የሚሸፈነው ነገር ምን እንደ ሆነ በግልጽ እንናገር። አርማታ ሲቦካ ሥራ እንዲቀል ውሃ ቢጨመርበት በእጅ ይቀላል፤ ሲደርቅ ግን ጉልበት ያንሰዋል። ከተፈሰሰም በኋላ ቢያንስ 7 ቀን ያህል ውሃ እየጠጣ መቆየት ያስፈልገዋል፤ ጥንካሬውም በልማድ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። የምሶሶውን ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ስታፋ ተራርቆ ቢታሰር፣ ምድር በተናወጠች ቀን ብረቱ ይጎብጣል። ብረቱ ለአየር ቀርቦ ቢቀር በዝገት ይበላል። ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱም በምረቃው ቀን አይታይም፤ ሁሉም ጊዜ የሚጠብቁ ናቸው።

የጥንት ሰዎችም ይህን ያውቁ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ባወጣው ሕግ፣ የሠራው ቤት ወድቆ ባለቤቱን የገደለ ሠሪ በሞት ይቀጣ ነበር፤ የሞተው የባለቤቱ ልጅ ቢሆን የሠሪው ልጅ ይገደል ነበር። ይህ ጭካኔ ነው። የሙሴ ሕግ የመረጠው መንገድ ይሻላል፤ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ በዘዳግም ያዝዛል። የመጀመሪያው የሞተውን ይበቀላል፤ ሁለተኛው እንዳይሞት ይጠብቀዋል። የአገራችንም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጭ ሕንፃውን ካስረከበ በኋላ 10 ዓመት ለሥራው ደኅንነት ዋስ እንዲሆን፣ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት እንኳ ኃላፊ እንዲሆን ደንግጓል፤ ይህን ዘመን የሚያሳጥር ውልም ዋጋ እንዳይኖረው አድርጓል። እንግዲህ «በተሰጠኝ መሬት ላይ ሠራሁ» ማለት ለዳገት ሠሪ ምክንያት አይሆንለትም።

ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጉዳት በኋላ ነው። ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም. በባንግላዴሽ፣ በዳካ አጠገብ፣ ራና ፕላዛ የሚባል ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የበዙት ልብስ ሰፊዎች ነበሩ። ከላይ ያሉት ፎቆች ያለ ፈቃድ የተጨመሩ ነበሩ። ስንጥቁ ባንድ ቀን አስቀድሞ ታይቶ ነበር፤ በታች ፎቅ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ሲያስወጣ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ታዘዙ። ጥፋቱ በብዙ እጅ ተከፋፍሎ ስለ ነበር እያንዳንዱ ድርሻው ትንሽ መሰለው፤ የሞቱት ግን ሞታቸው አልተከፋፈለም።

ምናልባት ከናንተ አንዱ እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «መምህር፣ ይህ ሁሉ በቃል ይቀላል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ ጠፍቶ ዋጋው ሲንር፣ ባረጀ ዋጋ የተዋዋለ ተቋራጭ ምን ያድርግ? ልጆቹ ይራቡ?» ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ የሚናቅም አይደለም። መልሴ ግን ይህ ነው። ለእርሱ የተከፈቱ መንገዶች አሉ፤ መዝገቡን ከፍቶ ለባለቤቱ ማሳየትና ዋጋው እንዲሻሻል መጠየቅ፣ ወይም ትርፉን መተው፣ ወይም ሥራውን በግልጽ ማቆም። የተዘጋው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ዝም ብሎ ከብረቱና ከሲሚንቶው ማጉደል። ከትርፍ ይቀነሳል እንጂ ከምሶሶ አይቀነስም። ደግሞ ብዙው ችግር የሚጀምረው ሥራ ለማግኘት ሲባል ከማይቻል ዋጋ በታች በመስማማት ነው፤ ቅድሚያ ክፍያውን አይቶ የሚመጣውን ያላየ ተቋራጭ፣ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው። ባለቤቱ ራሱ «ብረቱን ቀንስ፣ አንድ ፎቅ ጨምርልኝ» ቢል ደግሞ እምቢ ማለት ግዴታ ነው። በሽተኛው ስለ ከፈለ መርዝ የሚያጠጣ ሐኪም የለምና።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ተቋራጭ ሆኖ ነበር። እርሱ በሌለበት ማታ የተሞላ አንድ ምሶሶ፣ ስታፋው ከንድፉ ተራርቆ እንደ ታሰረ ከፌሮ ሠራተኛው ሰማ። በራሱ ወጪ አስፈርሶ እንደገና አሠራው። ባለቤቱ ስለ ጊዜው ተቆጥቶ «ማን ያየዋል?» አለው። እርሱም «እኔ ሰምቻለሁ፤ እንግዲህ አላወቅሁም ልል አልችልም» አለ። በዚያ ሥራ ትርፍ አላገኘም። ማንም አላመሰገነውም። ምሶሶውም ዛሬ ከሌሎቹ ምሶሶዎች በምንም አይለይም። የተደበቀ ግዴታ ዋጋው ይህ ነው፤ በትክክል የተፈጸመ እንደ ሆነ ምንም የሚታይ ነገር አይተውም። እኔ ግን እውነተኛው ምግባር ከዚያ ይጀምራል እላለሁ፤ ምስጋና የሚያስገኝ ምግባርማ ግማሹ ንግድ ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ከናንተ መካከል መሐንዲስ፣ ፎርማን፣ ግንበኛ፣ ተቆጣጣሪ የሚሆኑ አሉ፤ ባለቤት ወይም ተከራይ የማይሆን ግን የለም። ቤት የምታሠሩ ከሆነ ዝቅተኛውን ዋጋ ብቻ አትፈልጉ፤ የምትፈልጉት ርካሽነት ከየት እንደሚቀነስ ጠይቁ። የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ልስኑ ከመለሰኑ በፊት ያለችውን ሰዓት አክብሩ፤ ተቆጣጣሪው ሄዷል፣ ባለቤቱ አልመጣም፣ ሲሚንቶው በእጃችሁ ነው። ሰው ምን እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚያች ሰዓት ነው።