እጅ በማን ገላ ይማር?

ሰው የእጅ ጥበብን የሚማረው እየተሳሳተ ነው። አናጢ ሲማር እንጨት ያበላሻል፤ ልብስ ሰፊ ሲማር ጨርቅ ያበላሻል። የእንጨቱና የጨርቁ ዋጋ ይከፈላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ሐኪም ቀዶ ማከምን ሲማር ግን የሚያበላሸው ምንድን ነው? በምዕራብ ሸዋ ከካቺሲ ተነሥቶ የታመመ አባቱን ወደ አምቦ ሐኪም ቤት ያመጣ ገበሬ፣ አባቱ የጀማሪ እጅ መለማመጃ ይሆን ዘንድ ፈቅዶ ነውን?

ከጥንት ጀምሮ ጀማሪ እጅ አብዛኛውን ጊዜ የተለማመደው በድሃ ገላ ላይ ነው፤ ድሃ ሐኪም አያማርጥምና። አበው «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» ብለው የነቀፉት ጭካኔ፣ ነጭ ካፖርት ቢለብስም ጭካኔነቱ አይቀርም።

በዘመናችን ለዚህ አንድ መላ ተገኝቷል፤ ይኸውም የሰውን ገላ በኮምፒዩተር አስመስሎ መሥራት ነው። ተማሪው መሣሪያ ጨብጦ በስክሪኑ ላይ የሚያየውን ጉበት ይጫናል፣ ይቈርጣል፣ ይሰፋል፤ ቢሳሳትም የማንም ደም አይፈስም።

ነገር ግን ሥጋን ማስመሰል ቀላል አይደለም። የብረት ሞላ በሳቡት ልክ ይሳባል፤ ሥጋ እንዲህ አይደለም። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ የእጅህን ጀርባ ቆዳ ቈንጥጠህ ሳበው፤ በመጀመሪያ በቀላሉ ይከተልሃል፤ ጥቂት እንደ ሄደ ግን እንቢ ይላል። ሥጋ ተስቦ በቈየም ጊዜ ጕተታው ቀስ በቀስ ይላላል። የሞተ ሥጋም እንደ ሕያው ሥጋ አይመልስም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጉበቱን በስሌት ብዙ ሺሕ ጥቃቅን ክፍሎች አድርገው፣ እያንዳንዱ ክፍል ጎረቤቱን ምን ያህል እንደሚገፋና እንደሚስብ ያሰላሉ። ዓይንን ለማሳመን በሴኮንድ 30 ያህል ሥዕል ሲበቃ፣ እጅን ለማሳመን ግን መሣሪያው በሴኮንድ 1000 ጊዜ ያህል መልስ መስጠት አለበት።

ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ወደ እውነት በቀረበ መጠን ይዘገያል፤ እንዲፈጥን ሲባል ደግሞ ሥጋው ከእውነቱ ይልቅ ገር ተደርጎ ይሠራል። ለዓይን ያማረ፣ ለእጅ ግን የሚዋሽ ጉበት ተማሪውን ድፍረት እንጂ ጥበብ አያስተምረውም። የዚያ ድፍረት ዋጋ በኋላ የሚከፈለው በካቺሲው ሽማግሌ ገላ ነው። ስለዚህ የመሣሪያው ሠሪ «ይህን አስመስያለሁ፤ ይህን ግን አልቻልሁም» ብሎ የመናገር ግዴታ አለበት። ታማኝነቱ ከሐኪሙ መሐላ አያንስም።

«ያለ መሣሪያ የተማሩ ታላላቅ እጆች የሉምን?» የሚል ይኖራል። አሉ እንጂ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ በ1962 እ.ኤ.አ. ፊስቱላ ይዟቸው አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ገቡ። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀርተው፣ አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው፣ ፊደል ሳይቈጥሩ ከዶክተር ሬጂናልድና ከዶክተር ካትሪን ሐምሊን አጠገብ በመቆም ቀዶ ማከምን ተማሩ። በ1989 እ.ኤ.አ. የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ከሐምሊኖች ጋር ሸለማቸው። እኒህ ሴት የተማሩት በሰው ገላ ላይ ነው፤ ነገር ግን መምህር ከጎናቸው ነበረ፤ ራሳቸውም በዚያው አልጋ ተኝተው ሕመሙን ያውቁት ነበር። ይህን ሁለተኛውን ትምህርት ኮምፒዩተር አያስተምርም። የተመሰለ ጉበት አይፈራም፤ ደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ልጅም የለውም።

እንግዲህ መሣሪያው ማመካኛን ያስወግዳል እንጂ ዕዳን አይሰርዝም። የመጀመሪያውን ስሕተት በመሣሪያ ላይ መፈጸም እየተቻለ በሰው ላይ መፈጸም ግፍ ነው። መሣሪያ በሌለበት ደግሞ መምህሩ ከተማሪው ጎን አይለይ። በመሣሪያ ከተማሩም በኋላ ቢሆን፣ አንድ ሰው ለዚያ እጅ የመጀመሪያው መሆኑ አይቀርም። ያ ሰው ማን እንደሚቀደው፣ ከቀዳጁም አጠገብ ማን እንደሚቆም፣ በሚያውቀው በኦሮምኛ ቋንቋው ሊነገረውና ፈቃዱን ሊጠየቅ ይገባል። ገላውን ለትምህርት ያበደረ ሰው አበዳሪ ነውና፣ እንደ አበዳሪ ይከበር።